ብርሃኔ በአባቴ ለቅሶ ላይ

ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት ውስጥ የአንዲት አሮጊት መንገደኛ ዊልቸር እየገፋሁ ሳለ አንድ ሰው በአጠገቤ አለፈ። የጺም መላጫ አረፋ ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ የጃስሚን ሽቶ። ሁለቱ አንድ ላይ! አሮጊቷ ዞር ብላ እስክታየኝ ድረስ ባለሁበት ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ቀና ስል ያለፈው ሰው በሕዝቡ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። እንዲህ የሚሸት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ብርሃኔ፣ ኒው ሆፕ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ስንኖር፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበሩ። ከአባቴ ጋር አንዲት ታክሲ በሺፍት ይነዱ ነበር፤ እሱ ቀን፣ እሳቸው ማታ። ጠዋት መኪናዋን ከማስረከባቸው በፊት እኔን ትምህርት ቤት ያደርሱኛል። አንዳንድ ቀን ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን እንደ መስታወት ወልውለው ይመጣሉ። ሌላ ቀን ሰማያዊ ቀሚስ፣ የወርቅ ጉትቻ፣ ሊፒስቲክ። በረዶውን ከመስታወቱ የሚፍቁት ግን በየትኛውም ልብስ እኩል እየተራገሙ ነበር። መኪናው ውስጥ ሂተሩ ሲሞቅ ያ ሽታ ይነሳል፤ መስኮቱ ላይ የተለጠፈችው አሮጌ ጂፒኤስ ያለማቋረጥ ትለፈልፋለች።

ሰው እሳቸውን ሲያማ አባቴ ይስቅ ነበር። «ሰውየውም መኪናዋን ጠርጎ ነው የሚመልስልኝ፣ ሴትዮዋም ጠርጋ ነው የምትመልስልኝ። ሌላው ምን አገባኝ?» ይላል። እናቴ ግን ብርሃኔ በሩን ባንኳኩ ቁጥር ፊቷ ላይ የሚያልፈውን ድንግርግር መደበቅ አልቻለችበትም።

አንድ ጠዋት ሆዴ አልችል አለኝ። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። «ብርሃኔ፣ እርስዎ ወንድ ነዎት ወይስ ሴት?» አልኳቸው።

«ሁለቱም ነኝ፣ ሚጣዬ።»

«ግማሽ ግማሽ?»

«ኧረ እኔ ግማሽ የሚባል የለኝም!» ብለው ሳቁ። «አንዳንድ ቀን ወንድ ሆኜ እነሳለሁ። አንዳንድ ቀን ሴት ሆኜ። ሁለቱም አብረው የተነሱ ቀን ደግሞ ልብስ መምረጥ መከራ ነው።»

«ታዲያ ሪል የሆነው የቱ ነው?»

«ሁለቱም። የምዋሸው አንዱን ስደብቅ ነው፤ ብዙ ዓመት ደብቄ አይቼዋለሁ» አሉ። ሳቃቸው ጠፋ። ጭራሽ ግራ ተጋባሁ። የዚያን ቀን አስተማሪዬ ካለችው አንድም ነገር አልገባኝም።

በዚያው ዊንተር አባቴ በድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ። አስር ዓመቴ ነበር። የእድሩ ሰዎች ተጣጣፊ ወንበር ሳሎኑ ውስጥ ደረደሩና ወንዶቹ እዚያ ተቀመጡ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈና ሴቶቹ እናቴን ከበቧት። ብርሃኔ በመጀመሪያው ቀን በጥቁር ቀሚስና በጥቁር ነጠላ መጡ። «ወይኔ ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ከእናቴ በስተቀር እንደሳቸው ያለቀሰ የለም። በማግስቱ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ገቡና ከወንዶቹ መሃል ተቀመጡ።

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ተፈራ እናቴን ወደ ኮሪደር ጠሯት። «ይሄ ለቅሶ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም። ብርሃኔ ወይ ከወንዶቹ ወይ ከሴቶቹ ይሁን። ነገም የሬሳ ሳጥኑን ለመሸከም እንዳይቀርብ» አሏት። የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር፤ እሷ የፈራችው እድሩን ነው። እድሩ ካኮረፈ ባሏን ማን ይቀብርላታል? እኔ የፈራሁት ግን ብርሃኔ እንዳይባረሩ ነው። አባቴ ሞቶብኝ የእሱ ጓደኛ ደግሞ ከቤታችን ሲወጣ ማየት አልፈለግሁም።

እናቴ አንድ ወንበር አንስታ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል፣ በሩ ላይ አስቀመጠች። «እባክህ ብርሃኔ፣ እዚህ ተቀመጥ» አለቻቸው።

ብርሃኔ ወንበሩን አዩ፤ አልተቀመጡም። «አልማዝዬ፣ አስበሽልኛል። እኔ ግን መሃል ላይ አይደለሁም። ትናንት እንደ እህት አለቀስኩለት፤ ነገ እንደ ወንድም ልሸከመው ነው። አንዱን ብቻ ካላችሁኝ ሐዘኔን ግማሹን ይዤ ወዴት ልሂድ?»

ሰው ሁሉ የእናቴን አፍ ይጠብቃል። «እውነቱን ልንገርህ፣ ብርሃኔ፣ አልገባኝም» አለች በመጨረሻ። «ምንም አልገባኝም። ሐዘንህን ይዘህ ግን ከቤቴ አትወጣም።» ከዚያ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞረች። «የሚቀበረው ባሌ ነው። ብርሃኔ ይሸከማል።» ድምፅዋ ሰለለ እንጂ ከቃሏ አልተመለሰችም።

ተሸከሙት። ከፊት፣ በቀኝ በኩል። በረዶው ጫማቸውን ውጦት ሳጥኑን አንዴ እንኳ አላዘነበሉም። አፈር ሲለብስ ግን በዚያው ሱፍ፣ በዚያው ከረባት ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ አጠገባቸው ሄዳ አብራ አለቀሰች፤ እኔም በሁለቱ መሃል ገባሁ።

ብርሃኔ ከዓመት በኋላ ሥራ አግኝተው ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ፤ ስልካቸውም ተቀየረ። ዛሬም ቢሆን ገብቶኛል ብል ውሸት ነው። አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ሲነሳ ውስጡ ምን እንደሚሰማው ላስብ እጀምርና እጠፋለሁ። መጠየቅ የነበረብኝ ስንት ጥያቄ አለ! ልጅ ሆኜ አልመጣልኝም፤ ሲመጣልኝ እሳቸው የሉም።

አምና የጋሽ ተፈራ ባለቤት ሞቱ። መቃብሩ ዳር ጋሽ ተፈራ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። አንድ ጎረምሳ «ኧረ ጋሼ፣ ወንድ አይደሉ እንዴ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ የልጁን እጅ ቀስ አድርጋ አስለቀቀችው።

«ተዋቸው፣ ያልቅሱ» አለችው።