ለሳጥን ያጠረ ጠረጴዛ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ባጃጅ መቱ ከተማ ገብቶ ነበር፤ ይህን የማውቀው ባለቤቴን ከሆስፒታል ያመጣናት በባጃጅ ስለሆነ ነው። የጎሬው መንገድ ያኔ አስፋልት ለብሶ ነበር ወይስ ገና ነበር ብትሉኝ ግን አልምልም። ወሩን አልረሳውም፤ ሰኔ ነበር። በእኛ አገር ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚወርድ ሰኔ ሲገባ መሬቱ ጠግቦ ይጠብቃል። ከቤታችን ወደ ጓሮው መጸዳጃ የምትወስደው ቁልቁለት እንደ ሳሙና ታሟልጫለች። ባለቤቴ እዚያች ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ።

ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ጅማ ሂዱ አለን። እሷ ግን፣ "በዚህ ዕድሜዬ ጅማ ሄጄ አልሞትም፤ ቤቴ ውሰደኝ" አለች። ወሰድኳት። ልጆች ወልደን ነበር፤ ሁለቱም ቀድመውናል። ስለዚህ የሚያነሳትም የሚያጥባትም እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ የከበደው መጸዳጃው ነው። ደግፈው ካስቀመጧት መቀመጥ ትችላለች፤ ቁጢጥ ማለት ግን አትችልም። ሳፋ ላቅርብልሽ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ገበያ መሐል ቅመም ስትሸጥ እንኳ ነጠላዋን ጭቃ የማይነካባት ሴት ነበረች። ጎረቤት ድንገት ቢገባ፣ ጠያቂ ቢመጣ፣ ሽታው ቢቀር፣ ሰው ምን ይላል! ይሉኝታ እንኳን ጤነኛውን የተሰበረውንም አይምርም።

ታዲያ ምን አደረገች? መብላቱን ተወችው። ያልበላ ሰው ምን ይወጣዋል? ውኃውንም ከንፈሯን አርሳ ትመልሰው ጀመር። የሚጠይቋት ሰዎች፣ "ሕመሙ አፏን ዘጋው፤ እንግዲህ ማርያም ታሳርፋት" እያሉ አልቅሰው ይወጣሉ። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሴትዮዋን የሚገድላት ስብራቱ አልነበረም። ከኀፍረት በረሃብ መሞትን መርጣለች።

በመጀመሪያ የፕላስቲክ ወንበር ገዛሁና መቀመጫውን በጋለ ቢላዋ ክብ አድርጌ ቀደድኩት። ሥሩ ባልዲ አስቀመጥኩ። በብልሃቴ ደስ ብሎኝ ነበር። አንስቼ ሳስቀምጣት መሐሉ ስለተቀደደ የወንበሩ እግሮች ወደ ጎን ተከፈቱና፣ ሳልይዛት፣ ከነባልዲው ወደቀች። ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ካጠብኳትና ካስተኛኋት በኋላ እጄን ያዘችኝ።

"ይህን ለማንም አትናገርም። ማርያምን በለኝ።"

"ማርያምን።"

"ለአናጢም ቢሆን። ለአናጢ ከነገርክ ገበያው ሁሉ ይሰማል።"

"እሺ፤ አልናገርም" አልኳት።

እንግዲህ ወንበሩን ራሴ ልሠራው ነው። የቡና መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ፤ ትምህርቴም ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም። ከእንጨት ጋር ያለኝ ትውውቅ ማገዶ መፍለጥና ሰው ጎጆ ሲሠራ ምሰሶ ማቆም ነበር። ከገበያ አሮጌ መጋዝ፣ አንድ መሮና አንድ መላጊያ ገዛሁ። የመላጊያው ምላጭ ዝጎ ነበር፤ ከሶር ወንዝ ባመጣሁት ድንጋይ ላይ በውኃ ሳልኩት።

መላጊያውን የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመተኛት ብዛት ገላዋ ቆስሎ ነበር። ስንጥር ያለው ሳንቃ ላይ ላስቀምጣት አልችልም። ሳንቃውን በርጩማ ላይ አጋድሜ በጉልበቴ ይዤ ልልግ ብል ሳንቃው ዘሎ ወጣና ምላጩ አውራ ጣቴን ከሥሩ ገመሰው። ያኔ ነው የአናጢዎቹ ጠረጴዛ የገባኝ። ለካ ያ ሁሉ ግዙፍ ጠረጴዛ እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ ለመያዝ ኖሯል! ወንበሩን ከመሥራቴ በፊት ወንበሩ የሚሠራበትን መሥራት ነበረብኝ።

ታዲያ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጎጆ። ከጓሮው ጣሪያ ክፈፍ ሥር አራት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ከአሮጌው አጥር አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ነቅዬ ተከልኳቸው፤ በድንጋይና በአፈር ጠቅጥቄ ላያቸው ላይ ሳንቃ በሚስማር መታሁ። ርዝመቱ ቦታው የፈቀደውን ያህል ነው፤ ከአምስት ስንዝር አይበልጥም። ብነቀንቀው አልነቃነቅ አለኝ። "ከዚህ በላይ ምን አለ!" አልኩ ለራሴ። የጎጆ ምሰሶ መተከሉ ጥሩ ከሆነ የጠረጴዛ እግር ለምን አይተከልም?

ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው አፈሩ ለሰለሰ፤ መላጊያውን በገፋሁ ቁጥር ጠረጴዛው አብሮኝ ይሄዳል፣ ስመለስ ይመለሳል። አንዱ ወገን ሰመጠ። እኔም ድንጋይ እየወሸቅሁ ቀጠልኩ። ሳንቃው አንዴ ይቦረቦራል፣ አንዴ ይገረደፋል፤ ለስላሳ አልሆን አለ።

የመጋዝ ድምፅ ግን አይደበቅም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአጥር ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላት ሴትዮ፣ አጥሩን ተደግፋ አየችኝ። ሳንቃውን አየች፤ በሩን አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ውይ ጋሼ! እስትንፋሷ ሳይወጣ?"

ነገሩ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ደም ፊቴ ላይ ወጣ። የሬሳ ሳጥን የምሠራ መስሏታል። ሚስቱ አልጋ ላይ እያለች ሳንቃ የሚልግ ሽማግሌ ሌላ ምን ይሠራል? "አይደለም እኮ..." ብዬ ጀመርኩና ወደ ሳንቃዬ ዞርኩ። ምን እንደሆነ ልናገር? ማርያምን ብያለሁ።

በሳምንቱ ወሬው ገበያ ደረሰ። ወፍጮ ቤት ሰው ፊት ይነሳኛል። አንዷ ጠያቂ ባለቤቴ እግር ሥር ተንበርክካ፣ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ለሱም የእጁን ይሰጠዋል" ብላ አልቅሳ ወጣች። ባለቤቴ ጠራችኝ።

"ሳጥኔን ነው የምትሠራው አሉ?"

"ልንገራቸው እንዴ? አላስችል ብሎኛል።"

ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። "ተዋቸው፤ ሳጥን ነው ይበሉ" አለች። "ሳጥን ለሰው ሁሉ ነው። ያኛው ወንበር ግን የኔ ብቻ ነው።"

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን የሰማሁት ነገር ከስብራቱም ከወሬውም በላይ ጎዳኝ።

ከዚያ የእድራችን ዳኛ ከሌላ አንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። ውስጥ ገብተው ጠየቋት፤ ሲወጡ ጓሮ ወሰዱኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎን የምናውቅዎት በጨዋነት ነው" አለኝ ዳኛው። "ሰው ሳይሞት ሳጥን አይሠራም። ለመሆኑ እድሩ ምን ሊሠራ ተቀምጧል?"

"ልክ ነዎት" አልኩ።

"ታዲያ ይተዉታ!"

"አልተውም።"

ሁለቱም ተያዩ። ሽማግሌው፣ "ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል" አለው ቀስ ብሎ፤ እኔ የማልሰማ መስሎት። ተሰናብተውኝ ሄዱ፤ እጄን ግን አልጨበጡም።

እነሱ እንደወጡ በንዴት መላጊያውን አንስቼ ገፋሁ። ጠረጴዛው ቀጭ አለና አንድ እግሩ በመሬቱ ልክ ተቆረጠ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ውጪው ግንድ፣ ውስጡ አፈር። የአጥሩን ግንድ ምስጥ ቀድሞ ገብቶበት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከነምስጡ ነቅዬ እርጥብ መሬት ውስጥ መልሼ ተከልኩለት። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ውኃ ከጠጣች ሁለት ቀኗ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው ከአጥሩ ውጪ "አከም ቡልተን!" አለ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። ወጥቼ አየሁት፤ ደነገጥኩ። በከተማው የሬሳ ሳጥን የሚሠራው አናጢ ነው። የሁሩሙ ወረዳ ተወላጅ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በዕድሜ እኩያዬ፤ ሰው ሁሉ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እያለ የሚጠራው።

"ሥራዬን ልትቀማኝ ነው አሉ፤ አንተ ጃርሳ!" አለኝ። ሽማግሌ ማለቱ ነው። ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም። "እኔ ሳልሞት?"

ሳልጋብዘው ጓሮ ገባ። የወደቀውን ጠረጴዛ አየና ከንፈሩን መጠጠ። "ጠረጴዛ እንደ ጎጆ አይተከልም፤ ማን አስተማረህ?" ከዚያ ጎንበስ ብሎ የላዩን ሳንቃ በስንዝር ለካ። አንድ፣ ሁለት... አምስት። እንደገና ለካ።

"በዚህ ላይ የሰው ቁመት ሳንቃ አይላግም" አለ። "ሕፃን ካልሆነ በቀር።"

ዓይኑ ግድግዳው ሥር ወዳስቀመጥኩት ሌላ ሳንቃ ሄደ። በከሰል ክብ ስዬበታለሁ። ክቡን አየ፤ ከአጠገቡ የተሰበረውን የፕላስቲክ ወንበር አየ፤ ባልዲውን አየ። ከውስጥ የባለቤቴ ሳል ተሰማ። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ያዘ። ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አልነገርኩትም። በዚህም ቃሌ አልፈረሰም።

የአጥር ጎረቤታችን በዚያ ማዶ ቆማ እንደምታዳምጥ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሱ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"እሺ ጋሼ! ክዳኑ ከዋንዛ ይሁን! ባሕር ዛፍ ለክዳን አይሆንም!"

ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ልቅሶ መስሎኝ ሮጥኩ። ባለቤቴ አፏን በብርድ ልብሱ አፍና ትስቃለች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! እንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ "ይኼ ሰውዬ ዐወቀ አይደል?" አለችኝ።

"እኔ አልነገርኩትም።"

"ዐውቃለሁ፤ ሰምቻለሁ" አለች። "ውኃ ስጠኝ።"

አናጢው አምስት ቀን ተመላለሰ። ደረቅ የዋንዛ ጠርብ በጀርባው ተሸክሞ አመጣ። እግሮቹን መሬት ውስጥ ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምን። እንጨቱ ጫፉ ላይ ምላስ እንዲያወጣ መጋዝ፣ ምላሱን በሌላው ቀዳዳ ውስጥ መክተት፣ ሚስማር የሌለበት ማጋጠም ምን እንደሆነ አሳየኝ። ልርዳህ ብሎ መሮውን አይቀማኝም። "እኔ ከሠራሁት ነገ ቢሰበር ማንን ትጠራለህ?" ይለኛል። ቀዳዳውን ሳሰፋው፣ "ያ የበሬ ማለፊያ ነው፤ ለእንጨት አጥብበው" እያለ ይሰድበኛል። ጠረጴዛው ሲያልቅ በሙሉ ጉልበቴ መላጊያውን ገፋሁ፤ ንቅንቅ አላለም። ከሳንቃው ላይ አንድ ረጅም ልጣጭ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ወጣ። ያን ልጣጭ ወስጄ ለባለቤቴ አሳየኋት፤ በጣቷ ዘርግታ እያየችው ቆየች።

ወንበሩ ሦስት ቀን ፈጀ። መደገፊያ አለው፣ መያዣ አለው። ክቡን አለዘብኩት፤ ገላዋን እንዳይቆጠቁጥ፣ እርጥበትም እንዳያስገባ የንብ ሰም ቀባሁት። አስቀመጥኳትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ስትጠራኝ ገባሁ። ቀና ብላ ተቀምጣለች።

"ርቦኛል" አለች።

ከዚያ ክረምት እስከ ዓቢይ ጾም አጋማሽ ቆየችልኝ። በልታ፣ ጠጥታ፣ ቀና ብላ። ሰዎች እንደ ተአምር አዩት፤ እኛ ዝም አልን። ከዚያ ሳንባዋ ከዳትና አንድ ሐሙስ ጠዋት ሄደች።

ሳጥኑን ያመጣው ኦቦ ነው። ዋንዛ ነበር፤ ክዳኑም ዋንዛ። የእድሩ ዳኛ በእጁ ዳሰሰውና ወደ አናጢው ዞረ። "ይኼ ያ ነው? እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተሠራው?"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያ ጠረጴዛ የሷን ቁመት እንደማያስተኛ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሳጥኑ ውስጥ ናት።

"እሱ ነው" አለ ኦቦ፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ። "የባሏ የእጅ ሥራ ነው። እኔ ቤት ሲጠብቅ ነበር።"

ዳኛው መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። "እጅዎን ይባርክልዎ ጋሼ። እኛ ተቀይመንዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉን።" ላልሠራሁት ተመረቅሁ። የሠራሁት ቤት ውስጥ ነጠላ ተደርቦበት ጥግ ቆሟል። አልቃሹ ሁሉ በአጠገቡ አልፎ ወጣ፤ ማንም አላየውም። የሷም ምኞት ይኸው ነበር።

ይህን ስጽፍ ቃሌን ማፍረሴ አይደለም። ልትሞት ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ "እኔ ከሄድኩ በኋላ ንገር፤ ውኃ የማትጠጣ ሴት በየቤቱ አለች" ብላኛለች። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን ተናገርኩ። ወንበሩ አሁን እኔ ዘንድ የለም። ወደ አንድ ቤት ሄዷል፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ጠረጴዛው ጓሮ አለ። ምስጥ አልደረሰበትም። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልሠራሁበትም፤ ሲያባራ እጄን ጫን አድርጌበት እቆማለሁ። ሰው፣ "ያን ጊዜ በማን ቻልከው?" ሲለኝ እስከ ዛሬ በእግዚአብሔር እል ነበር። እሱም አይቀርም። ግን በሰው እጅ ነው የመጣልኝ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ለኛ ሲል ከሳጥኑ ፊት ቆሞ በዋሸው ሰው፣ በሁሩሙው የሬሳ ሳጥን ሠሪ፣ በኦቦ።