በመቀስ የተቆረጠ ጎማ

ልብስ ሰፊዋ ዕድሜ ልኳን የሰው ጨርቅ ስትቆርጥ ኖራ፣ በስተርጅና የሽንት ቤቷን የውሃ ሳጥን ጎማ መቁረጥ ጀመረች። አላበደችም። አንድ ልጅ አላት፤ ከቧንቧ ሠራተኛነት ተነሥቶ ዛሬ ሰው ቀጥሮ የትልልቅ ሕንፃ ቧንቧ የሚያዘረጋ። ትዳር ይዞ ከከተማው ሌላ ዳር ከገባ ወዲህ «ናፈቅከኝ» ብትለው፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ፣ ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» ይላል፤ ያ «ሰሞኑን» ግን አይደርስም። «ውሃው እየፈሰሰ ነው» ስትለው ግን በቀጣዩ እሁድ መፍቻውን ይዞ ከች ይላል።

መጀመሪያ ላይ ጎማው የእውነት አርጅቶ ነበር። ልጇ የውሃ ሳጥኑን ክዳን አንሥቶ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ፣ እሷ በሩ ላይ በርጩማ ስባ ሲያወሩ ዋሉ። ምሳ በላ። ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለም እንቅልፍ ወሰደው። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ናፍቆቱ ሲበረታባት ክዳኑን ታነሣና ከሥር ውሃውን የሚያግደውን ጎማ በመቀሷ ጫፍ ጨረፍ ታደርገዋለች። ውሃው ሲር ማለት ሲጀምር ስልኳን ታነሣለች። ልጇ ሲመጣም ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «የዘንድሮ ዕቃ ምን ዕድሜ አለው!» ትላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ እርግማኑን የሚቀበለው ጎማ ሻጩ ነው።

በዚህ እሁድም ምሳውን አዘጋጅታ ስትጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ጠጉሯን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ከፈተች። የቆመው ግን ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ የመሣሪያ ሳጥን ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ልጅዎ ልኮኝ ነው። ከሱ ጋር ነው የምሠራው።»

«እሱስ? አመመው እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

ሠራተኛው ጎማውን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። እሷ ከበሩ ላይ ሆና ያንኑ የለመደችውን ስለ ዘንድሮ ዕቃ ተናገረች።

«ያረጀ ጎማ እኮ ይሰነጣጠቃል እናቴ» አላት በትሕትና። «ይሄ በመቀስ የተቆረጠ ነው፣ ቀጥ ተደርጎ።»

ምን ታድርግ! ጠማማ ቆርጣ አታውቅም፤ ጎማ ላይ እንኳ ማጣመሙ አልሆነላትም።

«አደራህን፣ ለልጄ እንዳትነግርብኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሰውየው አቀረቀረ። «እናቴ… እሱ ነው እኮ የነገረኝ። ‹የእናቴን መቀስ አውቀዋለሁ፤ ድሮም ገብቶኛል። አሁን የማይቆረጠውን ግጠምላት› ብሎኝ ነው።»

ክው አለች። ባያውቅ በተሻላት ነበር። ያላወቀ ልጅ ቢቀር ሥራ በዝቶበት ነው ይባልለታል። ይሄኛው ግን ውሃው ማንን እንደሚጠራ ጠንቅቆ ያውቃል፤ እያወቀ ነው ሰው የላከባት። የገዛ ልጇ ከዳት።

ሠራተኛው በጎማው ፈንታ ድፍን የፕላስቲክ ዕቃ ገጠመና ክዳኑን በብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። መፍቻውንም ኪሱ ከተተ። እሷ የልጇን ምሳ ለሱ አቀረበችለት፤ ሰውየው ምን አጠፋ! እሱም ቀና ብሎ ሳያያት በልቶ፣ አመስግኖ ወጣ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ተሠራልሽ?»

«ተሠራ።»

«በቃ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም።»

«አዎ» አለች፣ መቀሷን መሳቢያው ውስጥ እየመለሰች። «እኔም ከእንግዲህ አላስቸግርህም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ። እሷ ግን ስልኩን ዘጋችው።