ዳኛው ምስክር የሆኑበት ቀን

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ የልጅ ልጄ ያጠበቻቸውን ሁለት ነጠላዎች ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጫፍና ጫፋቸውን ቋጥራ ገመድ ላይ ጣለቻቸው። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ ገብቶ ሲያራግባቸው፣ አንዱም ሌላውን ሲጎትት ባይ ሳቄ መጣ። ልጅቷ ደንግጣ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አባቴና እናቴ እንዲህ ኩታና ነጠላቸውን ተቋጥረው፣ በገዛ ልጃቸው ጉዳይ፣ በእኔ ማለት ነው፣ ተካሰው ከቤታችን እስከ ባቡር ጣቢያ በሕዝብ መሐል የሄዱበትን ቀን እንዴት አድርጌ ላስረዳት? እስቲ ለእሷ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ አዳማ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም። ሐዲዱን ተጠግተው የተሠሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፣ ከእነሱ ወዲያ የሣር ጎጆ፣ ከጎጆው ወዲያ ግራርና ጉሎ፣ ከዚያ ወዲያ ጅብ። አባቴ ቱፋ ከሁሩታ በኩል ማርና ቅቤ በበቅሎ እያስጫነ ለባቡር መንገደኛ የሚሸጥ ነጋዴ ስለነበር ቤታችን ሁልጊዜ ሰፈፍ፣ ቅቤና ላብ የጠጣ ኮርቻ ይሸት ነበር፤ ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ ጢሱና የጋለ ዘይቱ ይጨመርበታል። እናቴ አስካለ የምንጃር ልጅ ናት፤ አባቷ በየችሎቱ የሚቆሙ ነገረ ፈጅ ስለነበሩ ሙግት የጠባችው ከጡት ጋር ነው። ሁለቱ ሲዋደዱ በኦሮምኛ፣ ሲጣሉ በአማርኛ ይነጋገሩ ነበር። በአማርኛ ከሆነ እሷ እንደምትረታ አባቴ እያወቀ ለምን እሺ እንደሚላት እስካሁን አይገባኝም።

በዚያ ዘመን መንግሥቱ በእጃቸው ከሚዞር ሦስት አራት ታላላቅ ሰዎች መሐል አንድ ሹም ነበሩ። ስማቸውን ልተወው፤ እኛም በስማቸው አንጠራቸውም ነበር፣ «ጌታው» ብቻ ነው የምንላቸው። የበቅሎ ጠባቂ ልጅ ነበሩ ይባላል። የሰው ጋሻ ተሸክመው ጦር ሜዳ ገብተው፣ በጀግንነታቸውና በፍርድ አዋቂነታቸው ሹመት በሹመት ላይ እየተጨመረላቸው፣ ሀ ሁ ሳይቆጥሩ የአገሩ እኩሌታ የሚታዘዝላቸው ሰው ሆኑ። ወረቀት ሲቀርብ ጸሐፊያቸው ያነባል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ማኅተሙ ይመታል። የአዳማ ሰነፍ ሁሉ ጠበቃው እሳቸው ነበሩ፤ ከየኔታ አለንጋ የኮበለለ ልጅ ሲያዝ «ጌታው መች ተማሩ?» ይላል።

እናቴ እንግዲህ በዚህ መሐል ነው እኔን ፊደል አስቆጥራለሁ ብላ የተነሣችው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ወንዶቹን የሚያስተምሩትን የኔታን ደጅ ጠንታ፣ ለምናና ተከራክራ፣ ሴት ልጅ ለመቀበል እሺ አሰኝታቸዋለች። አባቴ ግን ወይ ፍንክች! ክረምቱ ሲወጣ ለአንድ የሁሩታ ወዳጁ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ኖሯል። ፊደል የቆጠረች ሴት ባል ትንቃለች፣ ደግሞስ ፊደል ለማን ምን ጠቀመ፣ ጌታው ሳይማሩ አገር ያስተዳድሩ የለም ወይ፣ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ ፊደሉ ብዙም አላጓጓኝም፤ እናቴን ጥዬ ሁሩታ መሄዱን ግን ፈጽሞ አልፈልግም ነበር። የኔታ ዘንድ ከገባሁ ሁሩታ ቀረ፤ ካልገባሁ ደግሞ መስከረም ሲጠባ በቅሎ ላይ ነኝ።

አንድ ማታ ነገሩ ከረረና እሰጥ አገባ ገቡ። እናቴ «ዳኛ ይየን» አለች። አባቴም እስኪሞት ድረስ ስትነሣበት የኖረችውን ቃል ተናገረ፤ «ጌታው ይዩን! ነገ በባቡር ያልፋሉ፣ እሳቸው ይፍረዱ። ከተረታሁ አንድ ገምቦ ማር እሰጣለሁ።» ያልተማረ ዳኛ ለትምህርት አይፈርድም ብሎ ነው እንግዲህ። እናቴ ያለ ወትሮዋ ሳትከራከር «ይሁን» አለች። ሲነጋ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችው፤ ያን ጊዜ ባለጋራ ከባለጋራው እንዲህ ተቆራኝቶ ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርበው። ባልና ሚስት ተቆራኝተው ሲሄዱ ያየ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተከተለን። አባቴ ረጅም፣ እናቴ አጭር ስለነበረች ቋጠሮው እንዳይጎትታት ብሎ፣ ያን ያህል ተጣልተው እንኳ፣ መንገዱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ነበር የሄደላት።

ባቡሩ ውኃ እስኪቀዳ ድረስ ጌታው ወርደው ግራር ጥላ ሥር ወንበር ተዘርግቶላቸዋል። ግዙፍ ሰው መስለውኝ ነበር፤ ሳያቸው አጠር ብለው ደልደል ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ እንደ ሙግት ወጉ «በላ ልበልሃ!» ብላ ጀመረች፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት፤ ስትጨርስ ያለችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳይጥሉ ደገሙላት፣ «ይኼው ነው?» ብለውም ጠየቋት። እናቴም «ይኼው ነው፣ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሣች። አባቴ ተራው ሲደርስ ስለ ቃል ኪዳኑ፣ ስለ ሁሩታው ወዳጁ፣ ስለ ሴት ልጅ ወግ ተናግሮ ሲያበቃ ደረቱን ነፍቶ «ለዚህም ምስክሬ ራስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። ሳይማሩ አገር ያስተዳድራሉ» አለ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «እኔን ምስክር አድርገህ ጠራኸኝ?» አሉት።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያስ ምስክር የሆነ ሰው ዳኛ አይሆንም» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ።

ጭፍራው ሁሉ ተደናገጠ። ጌታው ዙሪያቸውን ቃኝተው የአገሩ ሰው ሲጣላ ዋርካ ሥር የሚያስታርቁትን ኦቦ ሁንዴን አዩና «እርስዎ ይቀመጡ፣ አባቴ» አሏቸው። ኦቦ ሁንዴ በትራቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ቢሉም ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ከዚያ መጥተው አባቴ ጎን፣ በምስክር ቦታ፣ ካባቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው ቆሙ።

«እውነት ነው፣ ሳልማር ተሹሜአለሁ» አሉ። «ሰው አውቃለሁ፣ ፍርድም አውቃለሁ፤ በዚህ አላፍርም። ግን እናቴ የሞተች ጊዜ መርዶዋ በወረቀት መጣ። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ግብር ላይ ሰው ሞልቶ ሳለ ጸሐፊዬን አንብብ አልሁት። አነበበው። እናቴን ለብቻዬ ላለቅሳት እወድ ነበር፤ አልሆነልኝም። እኔ የማውቀው ይኼን ነው፣ የምመሰክረውም ይኼንኑ ነው።»

ኦቦ ሁንዴ በትራቸውን ወደ አባቴ ዘረጉ። ፍርዱን የሰጡት በኦሮምኛ ነበር፣ ጌታውም አስተርጓሚ አልፈለጉም። «ቱፋ፣ ምስክሩን የጠራኸው አንተ ነህ፤ የመሰከረውም በአንተ ላይ ነው። ልጅቷ ትማር፣ ማሩም ይምጣ» አሉ። ጌታው እጅ ነሥተው ባቡራቸው ላይ ወጡ። እናቴ ረታሁ ብላ እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቋጠሮውን እየፈታች ታለቅስ ነበር፤ አባቴም አብሯት።

በሳምንቱ የኔታ ዘንድ ገባሁ። አባቴ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ነይ እስቲ ጫልቱ፣ አንብቢላቸው» እያለ መድረሻ አሳጣኝ። ኋላ እኔም አስተማሪ ሆኜ ስንቱን የአዳማ ልጅ ፊደል አስቆጠርሁ፤ ከእነሱ ውስጥ ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡም አሉ፣ በዚህም እኮራለሁ። ስለዚህ ማንም መሃይምነትን ታወድሳለች እንዳይለኝ፤ እንጀራ የበላሁበትን ፊደል አልረግምም።

ግን ዕድሜ ሰጥቶኝ ብዙ መሪ አየሁ። የተማረ ይምጣልን ስንል ኖርን፣ መጣም፤ ባሕር ማዶ የተማረውንም፣ ማዕረጉ ከስሙ የሚረዝመውንም አየነው። ንግግራቸው ያማረ ነው፣ በራዲዮ ሰምቼ አደንቃለሁ። ሰው አቤት ብሎ ሲመጣባቸው ግን ከሳሹም እነሱ፣ ምስክሩም እነሱ፣ ዳኛውም እነሱ ናቸው። «በዚህ ነገር ውስጥ እኔም አለሁበትና ሌላ ሰው ይፍረድ» ብሎ በገዛ እግሩ ከወንበሩ የተነሣ ሹም በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ስማቸውን መጻፍ አይችሉም ነበር።