አባዬ ሳያባዛ የደመረው ዋት

አባዬን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «በረዶው» በሚል ቅጽል ስም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ማቀዝቀዣ ሲጠግንና ሲተክል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ጠባዩ ግን በረዶ አይደለም፤ ሻዩ ትንሽ ከበረደበት ቤቱን ያናውጠዋል። እኔም ግልፍተኝነቱን ከነሙሉ ዕቃው ስለወረስኩ አልፈርድበትም።

ሱቃችን መንገድ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ናት። በፊተኛው ክፍል ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፕረሰሮችና የመዳብ ቱቦ ጥቅልሎች ተከምረዋል፤ በኋለኛው የእኔ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተሩና የወረቀት መደርደሪያው አሉ። አባዬ የደንበኛውን ክፍል ለክቶ፣ ሙቀቱን በጭንቅላቱ አስልቶ በእርሳስ ይጽፋል፤ እኔ በኮምፒውተር ገልብጬ ለደንበኛው እሰጣለሁ። ካልኩሌተር አይወድም። «እሱ ባትሪው ሲያልቅ ይደነቁራል» እያለ ያላግጥብኛል።

ስሌቱን ያስተማረኝ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፣ በካርቶን ጀርባ ላይ። ሙቀት በቢቲዩ ይቆጠራል፤ የማቀዝቀዣ ጉልበት ደግሞ በቶን።

«ቶን ስልሽ ሚዛን ላይ የሚወጣ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «አንድ ቶን በረዶ በሃያ አራት ሰዓት ቀልጦ ሲያልቅ የሚጠጣው ሙቀት ነው። በሰዓት አሥራ ሁለት ሺህ ቢቲዩ። የክፍሉን የሰዓት ሙቀት ትደምሪያለሽ፣ ለአሥራ ሁለት ሺህ ታካፍያለሽ፣ አለቀ።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ። «መብራትና ሞተር ግን በዋት ነው የሚመጣልሽ። በሦስት ነጥብ አራት አባዝተሽ ቢቲዩ ሳታደርጊው እንዳትደምሪ። ይህን የረሳ ሰው መፍቻ መያዝ የለበትም።»

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ራሱ ረሳው። የአበባ ሻጭ ክፍል ነበር፤ የማራገቢያውን ዋት እንዳለ ከቢቲዩው ጋር ደምሮታል። ደክሞት ነው ብዬ ሳቅኩና ስገለብጠው አስተካከልኩት። በሳምንቱ ደገመው። በወሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ሳቄ ጠፋ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ልነግረው ስነሳ ያቺ የተቀሰረች ጣት ትታየኛለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ወረቀት ሳላርም አላወጣሁም። ሰው መጥቶ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ እኮ አያሳፍርም» ሲለው ደረቱን ነፋ ሲያደርግ አየውና ደስ ይለኝ ነበር። ያ ደስታዬ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ትርፍ አንጀት ታምሜ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። በእነዚያ ቀናት አንዲት ዓሣ ነጋዴ ተቻኩላ መጥታ ኖሮ፣ አባዬ በገዛ እጁ የጻፈውን ወረቀት ሰጥቷት ነበር። ለእኔ አልነገረኝም፤ ረስቶት ይሆናል። ማሽኑ ተገዛ፣ ተተከለ፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራትም ደህና ሠራ።

ሙቀቱ ሲበረታ ሴትዮዋ አንድ ጠዋት መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ቀን ከሌት ይሠራል፣ አንዴም አያርፍም፤ ክፍሉ ግን አልቀዘቀዘም። ዓሣውን በሙሉ ዛሬ አውጥቼ ጣልኩት። እኔ እርስዎን አምኜ ነው» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ከግድግዳውና ከዓሣው ሃምሳ አምስት ሺህ። ከመብራቱና ከማራገቢያው አምስት ሺህ። ስድሳ ሺህ። ለአሥራ ሁለት ሺህ ስናካፍለው አምስት ቶን። ይኸው ልክ ነው፤ ጥፋቱ የማሽኑ ነው።»

«አባዬ፣ አምስት ሺው እኮ ዋት ነው» አልኩት ቀስ ብዬ። «በሦስት ነጥብ አራት ሲባዛ አሥራ ሰባት ሺህ ይሆናል። ድምሩ ሰባ ሁለት ሺህ ነው። ስድስት ቶን ነበር የሚያስፈልጋት።»

«ሦስት ነጥብ አራት ደግሞ ከየት መጣች?» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ዓይኑን አየሁት። አልቀለደም። ሴትዮዋም ገባት መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ማሽኑን እንደምንቀይርላት ነግሬ ሸኘኋት።

ስመለስ አባዬ መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል። የእሱን የእርሳስ ወረቀት ሁልጊዜ ከእኔው ግልባጭ ጀርባ አያይዤ ነው የማስቀምጠው። አንድ በአንድ እየፈታ ጎን ለጎን ደረደራቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ሲያስተያይ ቆየ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እኔን ሲያመሰግን፣ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ በሆድሽ ምን ትይ ነበር?»

ክብሩን ልጠብቅለት ነበር ሐሳቤ። በጊዜ ነግሬው ቢሆን ኖሮ ሐኪም ዘንድ ቀድመን በደረስን፣ እሱም ሥራውን ገና አእምሮው ሳለ በገዛ ፈቃዱ ባስረከበኝ ነበር። ያንን ቀማሁት።

የሴትዮዋን ማሽን ቀየርንላት። ሐኪሙም የፈራነውን ነገረን። አባዬ እርሳስ መያዝ ተወ፤ ሱቅ መምጣት ግን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ይቀመጣል። እኔ ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ እያነበብኩ አሰላለሁ፤ እሱ ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው» ይላል። ደንበኞች የሚቆጣጠረኝ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው።

ባለፈው ሳምንት የአንድ መድኃኒት መጋዘን ሥራ መጣልን። ዋቱን አባዝቼ፣ ሁሉንም ደምሬ፣ ሰማንያ አራት ሺህ ቢቲዩ ሆነ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣

«እንግዲህ ዘጠኝ ቶን ይሆናል፣ አይደል አባዬ?» አልኩት።

ልኩ ሰባት ነው። ጠረጴዛውን በቡጢ እንዲመታው፣ ደንቆሮ ብሎ እንዲሰድበኝ ፈልጌ ጠበቅኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጄን መታ መታ አደረገና፣

«ልክ ነው፣ ልጄ። አንቺ መቼም አትሳሳቺም» አለኝ።

ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩና ሰባት ብዬ ጻፍኩ።