የእህቴን የክርስትና ስም ፍለጋ

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ዶሮ ሳይጮኽ ነው። ትኬት ላይ የተጻፈ የመነሻ ሰዓትን ማመን የጀማሪ መንገደኛ ጠባይ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬም አልተማርኩም። ብርዱ ጉልበቴን ሲያንኳኳ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ "አባባ፣ ማንን ሊሸኙ ነው?" አለችኝ።

"ራሴን።"

ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በሩን የምቆልፈውም፣ ቁልፉን የምደብቀውም፣ ደብቄ የምረሳውም እኔው ነኝ።

የጉዞዬ ነገር እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ትርንጎ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ገና አፏን ሳትፈታ ሞተች። ከእኔ በቀር የሚያስታውሳት ሰው የቀረ አይመስለኝም፤ እኔ ደግሞ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን የምፈልግ ሰው ነኝ። ከእኔ በኋላም በጸሎት ትታሰብ ብዬ የንስሐ አባቴ ዘንድ ብሄድ፣ "የክርስትና ስሟስ?" አሉኝ። ሙት በዓለም ስሙ አይታሰብም፤ ትርንጎ የሚባል ስም ሰማይ ቤት አይታወቅም። እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የልጇን ስም ሳታነሣ ሞታለች። ስሟን ሊያውቁ የሚችሉ የቀሩት ክርስትና ያነሷት የእናቴ የአጎት ልጅ፣ እማሆይ አሞኘሽ ብቻ ናቸው። ከአባይ ማዶ፣ ይጁቤ በምትባል ከተማ መንኩሰው ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ።

ረፋድ፣ አባይ በረሃ

መንገዱ ወደ አባይ ይወርዳል። አውቶቡሱ በተጠማዘዘ ቁጥር ጣሪያው ላይ የታሰረው በግ ይጮኻል፤ ሴቶቹ ያማትባሉ። ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። የተቀመጥኩት ከሾፌሩ ጀርባ ነው።

"አባባ፣ ገደሉን አይዩት" ይለኛል። "እኔም አላየውም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያየው?"

"እግዜር ነዋ! ሥራ ፈቶ ይቀመጥ?"

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከሲሎን ደሴት የመጣ አንድ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። ድሮ እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር እሱ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ነው። በሻይ እረፍት ጣቶቹን እያጠፈ አስረዳኝ፦ ኑሮ ሥቃይ አለበት፤ የሥቃዩ ሥር የሙጥኝ ማለት ነው፤ ሥሩ ከተነቀለ ሥቃዩ ይደርቃል፤ መንቀያውም መንገድ አለው። "ጦርነት ያየው ያ ልጅ ደግሞ አንተ አይደለህም" ይለኝ ነበር። "የትናንቱ ውሃ ሄዷል።"

"ታዲያ ሌሊት የሚያባንነኝ የማን ልጅ ነው?" ስለው ሳቀና ሻይዬን ጠጣብኝ።

ይኸው፣ ስለ መልቀቅ የተማርኩ ሰው አንዲት ስም የሙጥኝ ብዬ በረሃ አቋርጣለሁ። አስተማሪው ጎበዝ ነበር፤ ተማሪው ነው ደደቡ።

ማታ፣ ደብረ ማርቆስ

ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ለሁለት የሚበቃ ትሪ አቀረበችና፣ "የሚመጣ ሰው አለ?" አለች። ብቻውን የሚበላ ሽማግሌ ዓይን ያሳፍራል መሰለኝ።

"መንገድ ላይ ነው" አልኳት። በልቼ ስነሣም መንገድ ላይ ነበር።

ዓርብ፣ ይጁቤ

ጨው በጫነ አይሱዙ፣ ጋቢና ውስጥ። ጤፉ ታጭዷል፤ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ከባሕር ዛፉ ወዲያ ሜዳው ድንገት ይሰነጠቅና ሸለቆ ይሆናል። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ሽንት የያዘኝ መስሎት ፊቱን አዞረልኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው።

በወረራው ጊዜ የተደበቅነው እንዲህ ባለ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ጭስ አውሮፕላን ይጠራል ተብሎ ቀን እሳት አይነድም፤ የራሰ ባቄላ እንቆረጥማለን። ትርንጎን የማዝላት እኔ ነበርኩ። ስትስል ትልልቆቹ፣ "ዝም አሰኛት!" ይሉኛል፤ እወዘውዛታለሁ። አንድ ጧት ጀርባዬ ላይ ክብደቷ ያው ሆኖ ሙቀቷ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እናቴ እኔን ይዛ ወደ ሸዋ ተሻገረች።

እማሆይ አሞኘሽን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ጥጥ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ጉልበት ስሜ ጠየቅሁ።

"እማሆይ፣ ትርንጎን ያስታውሷታል?"

እንዝርቱ ቆመ።

"ወለተ ጻድቅን? ክርስትና ልጄን? እንዴት እረሳታለሁ! በየዓመቱ አሳስባት የለም እንዴ፣ ከወንድሟ ጋር።"

ስሙ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ዓይኔ ረጠበ። ግን ደግሞ፣ "ከየትኛው ወንድሟ?" አልኩ።

"ከሚያዝላት ነዋ፣ ከወልደ ሰንበት። ከናቱ ጋር ሸዋ ሲሻገር መንገድ ላይ ቀረ አሉ። ምስኪን፣ ጆሮው ትልቅ ነበር።"

ወልደ ሰንበት የእኔ የክርስትና ስም ነው። ጆሮዬን ዳሰስኩ፤ አልቀነሰም።

"እማሆይ፣ እኔ ነኝ እኮ! አልሞትኩም።"

ጠጋ ብለው አዩኝ። ጉንጬን ነካ አደረጉት፤ ሽበቴን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

"ወዲያ! አንተማ ሽማግሌ ነህ። እሱ ልጅ ነው።"

ስለ ሸለቆው ብነግራቸው፣ ስለ ባቄላው ብነግራቸው፣ "የነገረህ ሰው አጥርቶ ነግሮሃል" ብለው እንዝርታቸውን አሾሩ። የሲሎኑ ሰው በስንት ሻይ ያላሳመነኝን እማሆይ በአንድ ቃል ጨረሱት።

ቅዳሜ ጧት፣ ቤተ ክርስቲያን

እማሆይ ድፎ አስይዘውኝ ገባን። ቄሱ ስም ሲጠይቁ፣ "ወለተ ጻድቅ፤ ወልደ ሰንበት" አሉ።

"አባ፣ ሁለተኛው እንኳ..." ብዬ ጀመርኩ። እማሆይ በመቋሚያቸው እግሬን ጎሰም አደረጉኝ።

"ዝም በል! ጸሎት ነው።"

 ስሙ ከእህቱ ስም ቀጥሎ ሲጠራ ሰማሁት። ባዶ አንቀልባ ይዞ ከሸለቆው የወጣ፣ ጆሮው ትልቅ ልጅ። ማንም አላለቀሰለትም፤ እኔም ጭምር። ቶሎ አድጌበት ሄድኩ። አሁን ግን በጋቢዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

ሲያበቃ ቄሱ፣ "የሙታኑ ዘመድ ማን ነው?" አሉ።

እማሆይ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይህ እንግዳ ነው። ከሩቅ ነው የመጣው።"

መስቀሉን አሳለሙኝ። "እግዜር ያጽናዎት፣ አባቴ።"

"አሜን" አልኩ፤ ስለ ሁለቱም ልጆች።