የአባ ገብረ ሥላሴ ሰዓት ብርሃን

ሰቆጣ ሰዓት ሠሪ ሆኜ በተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ቀን አንድም ሰዓት አልመጣልኝም። ጠረጴዛዬን ፀሐይ ከሚያገኘው በር ሥር አድርጌ፣ ወረንጦዬንና የዘይት ብልቃጤን ደርድሬ እስኪመሽ ጠበቅሁ። ሙያውን የለመድኩት ደሴ ነው። እዚህ ግን ሲቸግረኝ የምጠይቀው፣ ስሳሳት የሚያርመኝ ባለሙያ አልነበረም።

ወዳጄ አባ ገብረ ሥላሴ ብቻ ነበሩ፤ ካህናቱን ለሌሊት አገልግሎት በደወል የሚቀሰቅሱ መነኩሴ። ከሰዓት በኋላ እየመጡ ደጃፌ ይቀመጣሉ። ብዙ አንነጋገርም፤ ቢሆንም ሰው አለኝ እል ነበር።

ሰዓታቸው ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ በጨለማ የሚያበሩ ዓይነት ነው። ከስድስት ቁጥር ግርጌ «ቲ» የምትባል የፈረንጅ ፊደል አለችበት። የደሴው አለቃዬ «ትሪቲየም ማለት ነው፤ ፀሐይ ሳያገኝ በራሱ ያበራል» ብሎኛል። ከዓመታት በኋላ እንደሚደክም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን አባ ሰዓቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ሌሊት አልታይ አለኝ። ሁለት ጊዜ ደወሉን አሳልፌ የደብሩ አለቃ ተቆጡኝ» አሉ።

የያዝኩትን ሥራ ስጨርስ ጋቢዬን ተከናንቤ ከውስጥ አየሁት። ደህና አድርጎ ያበራል።

«አባ፣ ሰዓቱ ምንም አልሆነ። የደከመው የእርስዎ ዓይን ነው» አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

 «እንዲያማ ከሆነ ደወሉን ዓይኑ የሚያይ ሰው ይያዘው» ብለው ሰዓቱን ትተውልኝ ሄዱ። በማግሥቱ ደወሉን ለሌላ አስረከቡ። ከደጃፌም ቀሩ። ያን ክረምት ብቸኝነቱ በላኝ።

ሰዓቱ መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ። አንድ ጠዋት ትዝ ብሎኝ አወጣሁትና ወዲያው ጋቢዬ ውስጥ አየሁት። ድፍን ጨለማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፀሐይ አስመትቼ ደግሜ አየሁት፤ አበራ። ብዙ ሳይቆይ እያየሁት ጠፋ። ትሪቲየሙ አልቆበት ኖሯል። አባ ያመጡት ዕለት ያበራው የጠረጴዛዬን ፀሐይ ይዞ ነበር።

ሥራዬን ጥዬ ቤታቸው ሄድኩ።

«በድየዎታለሁ፣ አባ። የደከመው ሰዓቱ ነው፤ ዓይንዎ ደህና ነው።»

«እኔማ ሌሊት ስወጣ ኮከቡን አጥርቼ አይ ነበር» አሉ። «ባለሙያው አንተ ነህ ብዬ ነው ዓይኔን የተጠራጠርኩት።»

«ደወሉስ?»

«እሱማ ሰው ይዞታል። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ይቅር አሉኝ። ደጃፌ ግን ተመልሰው አልተቀመጡም።

ሰዓት ሠሪዎች፣ የሚያበራ ሰዓት ሲመጣላችሁ አንድ ቀን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ዘግታችሁ አቆዩት። ከዚያ በፊት ስለ ባለቤቱ ዓይን አትናገሩ።