ያልደፋሁት ዘውድ

ከፋይ ጨርቅ በነካሁ ቁጥር የዶና ሉዊዛ ጋራዥ ትዝ ይለኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ በስደት፣ ሳን ሆዜ ከተማ። እማዬ ሆቴል ክሊኒንግ ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው ጎረቤታችን ዶና ሉዊዛ ዘንድ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው ፖርቱጋላዊት ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ መኪና ቆሞ አያውቅም፤ የማሽን ዘይት የሚሸት የልብስ ስፌት መኪናና ወለሉን የሞላ ቀይ ከፋይ ብቻ። ፖርቱጋሎቹ በየዓመቱ ለመንፈስ ቅዱስ በዓል ሴት ልጆችን እንደ ንግሥት አልብሰው በሰልፍ ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸዋል፤ ካባቸውን የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ።

እኔ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ እሳቸው ነገሥታቱን ይቆጥሩልኛል። መጀመሪያ የቡርጎንዲ ነገሥታት ቤት፣ ቀጥሎ ያ መርከበኛው የአቪስ ቤት። ከስፔን መጥተው የገዟቸው ፊሊፔ የተባሉ ሦስት ነገሥታት ላይ ሲደርሱ ክሩን በጥርሳቸው ብጥስ ያደርጉታል! የብራጋንሳ ቤት መጨረሻ፣ ንጉሥ ማኑዌል፣ ገና በወጣትነቱ በመርከብ ተሰደደ ሲሉ ግን ድምፃቸው ይለሰልሳል። «እንደናንተ ስደተኛ ሆነ» ይሉኝ ነበር። የኛዎቹን ነገሥታት ሳላውቅ የፖርቱጋልን በቃሌ ወጣኋቸው እላችኋለሁ።

ከሁሉ የምወደው የንጉሥ ዡዋው አራተኛን ታሪክ ነው። ዘውዱን ለእመቤታችን ለማርያም ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም የፖርቱጋል ንጉሥ ዘውድ አልደፋም። ትራስ ላይ አድርገው ከጎናቸው ያስቀምጡታል እንጂ።

ያን ዓመት ዶና ሉዊዛ ከሰልፈኞቹ ንግሥቶች አንዷ እንድሆን ጠየቁኝ። ቄሱ የብር ዘውድ ሊደፉልኝ! እንቅልፍ አጣሁ። እማዬ ግን እሳት ጎረሰች። «በሱስንዮስ ጊዜ አገሩን ያጫረሱት እነማን ሆኑና! ዛሬ ደግሞ ዘውድ ደፍተው ልጄን ካቶሊክ ሊያደርጉብኝ? በጭራሽ!»

ዶና ሉዊዛ ራሳቸው ሊለምኑልኝ ቤታችን መጡ። የእማዬ እንግሊዝኛ ገና ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ። «ቄሱ ባርከው ዘውዱን ይደፉላታል፤ ከዚያ ሁላችንም ሾርባ እንበላለን» አሉ። እኔ ምን ብዬ ብተረጉም ጥሩ ነው? «ፖርቱጋሎች ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ስለሰጡ ራሳቸው ላይ አያደርጉትም። በእጄ ይዤ መሄድ ብቻ ነው።» ስለ ነገሥታቱ እውነት ነው፤ ስለ እኔ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት።

እማዬ አማተበች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለእመቤታችን? እንዲያ ከሆነስ ሂጂ» አለችኝ።

በዓሉ ደረሰ። ካባው መሬት ይጎትታል፣ አንገቴን ይበላኛል፣ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ተራዬ ደርሶ ቄሱ ዘውዱን ሲያነሱ ዞር ብዬ እማዬን አየኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ፈገግ ብላለች፤ ምንም አልጠረጠረችም። እንደዚያ ዘውድ የተመኘሁት ነገር የለም፤ ግን እሷ ፊት መዋሸቴን ማሳየት አቃተኝ። «ኖ ፋዘር፣ ፕሊስ» ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ቄሱ ግራ ገባቸው። ዶና ሉዊዛ ቀረብ ብለው በቋንቋቸው አንድ ነገር ሹክ ቢሏቸው ዘውዱን እጄ ላይ አኖሩልኝ። ደረቴ ላይ እቅፍ ሳደርገው ከኋላ እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው! ፖርቱጋሎቹ ሁሉ ዞሩ።

ዶና ሉዊዛ ካረፉ ቆዩ። ጋራዣቸው ዛሬ ባለ አንድ ክፍል አፓርትመንት ሆኗል፤ ኪራዩ አይነሳ። የኔ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉበት የጎረቤት ቤት የላቸውም፤ ጎረቤታቸውንም በስም አያውቁትም። ያሳዝነኛል።

ባለፈው ፋሲካ ለእማዬ ተናዘዝኩላት። «ያኔ ዋሽቼሽ ነበር፤ ዘውዱ ሊደፋልኝ ነበር» አልኳት። እስኪያስነባት ሳቀች።

«ሞኝ! ቢደፋልሽስ እልል የማልል መስሎሽ ነው? እንደዚያ አምረሽ ሳይሽ ካቶሊኩም ሱስንዮስም ጠፉብኝ እኮ!»

አርባ ዓመት ሙሉ ስቆጭ ኖሬ! እጇን ይዤ እየሳቅኩ አለቀስኩ።